ውሻና ድመትን ከመዥገርና ከትል መጠበቅ በረትንም ቤተሰብንም መጠበቅ ነው

የአገራችን የእንስሳት ሀብት ሲነሳ የሚቆጠሩት እንስሳት የታወቁ ናቸው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በአሁኑ ስያሜው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ሲያወጣው በቆየው የእንስሳት ናሙና ጥናት የቀንድ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመልና ዶሮ ይቆጠራሉ፤ የንብ ቀፎ ሳይቀር በመዝገቡ ይሰፍራል። ውሻና ድመት ግን የሉበትም። ላልተቆጠረ እንስሳ ዕቅድ አይያዝም፤ ዕቅድ ላልተያዘለት ደግሞ መድኃኒት አይገዛም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ማንኩሳና በአካባቢዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ውሻ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ ቀን እረኛውን ተከትሎ ይውላል፤ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ዝንጀሮና ጦጣን ከማሳ ያባርራል። ድመቷም ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ሁለቱም ለአርሶ አደሩ ምርት የሚያበረክቱት ድርሻ ቀላል አይደለም። በመዥገርና በቁንጫ ሲወረሩ፣ በሆዳቸው ትል ሲራባ ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ጉዳዩ ለእነዚህ እንስሳት የማዘን ብቻ አይደለም። ውሻ በሆዱ የሚይዘው ትል ወደ በግና ወደ ከብት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ልጆቻችን ይሸጋገራል። ሰንሰለቱ የሚቀጥለው ደግሞ በአብዛኛው በእኛው እጅ ነው፤ ያረድነውን እንስሳ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ለውሻ ስለምንጥል። ስለዚህ ውሻን ከጥገኛ ተባይ መጠበቅ የወረዳው የእንስሳት ጤና ዕቅድ አንድ አካል ሊሆን ይገባል።

ከእርድ ቦታ እስከ ግጦሽ መሬት

በግ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ባለችበት ስትሽከረከር፣ ከመንጋው ስትነጠልና ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ጋር ስትላተም አርሶ አደሩ «አዙሪት ያዛት» ይላል። ምክንያቱ በአንጎሏ ውስጥ ያደገ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰች በግ የመዳን ዕድሏ አነስተኛ ስለሆነ ባለቤቷ ሳትሞት ያርዳታል። ጭንቅላቷ ለውሻ ከተጣለ ግን በሽታው አላበቃም፤ እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት በርካታ የትል ራሶች በውሻው አንጀት ላይ ተጣብቀው ወደ ረጅም ትል ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ላይ ይበተናል፤ ሌላ በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች።

በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው የውሃ ቋጠሮ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በእርድ ጊዜ ነጭ፣ ጠንከር ያለ ሽፋን ያለውና ሲቀደድ ውሃ የሚረጭ ቋጠሮ ያላየ አራጅ አይኖርም። ይህን የሚያመጣው ትል በውሻ አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ውሻውንም እምብዛም አያሳምመውም። ባለቤቱ «ውሻዬ ጤነኛ ነው» ብሎ የሚዘናጋው ለዚህ ነው። አንድ ውሻ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ትሎችን ሊሸከም ይችላል።

ይህኛው ትል ከአዙሪቱ የሚከፋው በሰው ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። እንቁላሉ በውሻው ፀጉር ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ እረኛ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቁርሱን ቢበላ፣ ወይም ቤተሰቡ ውሻ የሚገባበትን ምንጭ ውሃ ሳያፈላ ቢጠጣ እንቁላሉ ወደ ሆድ ይገባል። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ የሚፈጠረው ቋጠሮ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ቀስ በቀስ ያድጋል። በልጅነት የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚታወቀው ጎልማሳ ሲሆን ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ወይም ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ለገጠር ቤተሰብ ይህ ከወረዳ ወጥቶ ትልቅ ሆስፒታል ድረስ መመላለስ ማለት ነው። በአገራችን በሽታው በሰው ላይ በስፋት የሚታወቀው ሰውና ውሻ እጅግ ተቀራርበው በሚኖሩበት በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር አካባቢ ነው። ደጋውና ወይና ደጋው ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ቋጠሮው በከብትና በበግ ላይ እስከታየ ድረስ ትሉ በውሻው ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጋራ ሆነው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል ለይተው ነበር። ለአገሪቱ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተለዩት አምስት በሽታዎች መካከል የእብድ ውሻ በሽታ እና ይህ የውሃ ቋጠሮ በሽታ ይገኙበታል፤ ሌሎቹ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስና ሌፕቶስፓይሮሲስ ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱ ወደ ሰው የሚደርሱት በዋናነት በውሻ በኩል ነው። በአገር ደረጃ ቅድሚያ የተሰጠው ጉዳይ በቀበሌ ደረጃም ሊታይ ይገባል።

በዓላትና የስድስት ሳምንቱ ስሌት

ከከተማ ቄራ ውጭ የሚታረደው እንስሳ የሚበዛው በበዓላት ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ በየደጁ በግ ይታረዳል፤ በሬ ተጥሎ ቅርጫ ይገባል። በዚያ ቦታ የሥጋ ተቆጣጣሪ የለም። ቋጠሮ የታየበት ጉበት «ይህ አይበላም» ተብሎ ይወረወራል፤ የሚያነሳው ደግሞ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ለሰው አይሆንም የተባለው ለውሻ ሲሰጥ ዞሮ ወደ ሰው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ወረዳዎች ሊጠቀሙበት የሚገባ አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ውሻው የታመመውን ሥጋ በበላ ማግስት እንቁላል መጣል አይጀምርም። ትሉ ለአቅመ እንቁላል እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠው ትሉ ግጦሹን ሳይበክል ይሞታል።

ስሌቱን በራሳችን የቀን መቁጠሪያ እንየው። በእንቁጣጣሽ የበላ ውሻ እንቁላል መጣል የሚጀምረው በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ነው፤ በመስቀል የበላው ደግሞ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ። ስለዚህ ጥቅምት 10 አካባቢ የሚሰጥ አንድ መድኃኒት ለሁለቱም በዓላት ይደርሳል። ለገናና ለጥምቀት የጥር መጨረሻ ይስማማል። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ፋሲካ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ የበላው ውሻ እንቁላል መጣል የሚጀምረው በግንቦትና በሰኔ፣ ልክ ዝናቡ ጥሎ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ነው። የበጋ ፀሐይና ድርቀት እንቁላሉን ይገድለዋል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ግን ዕድሜውን ያራዝሙለታል። ስለዚህ ከፋሲካ አንድ ወር በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት ለክረምቱ ግጦሽ ወሳኝ ነው።

በዓመት ሦስት ጊዜ መስጠት ችግሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ውሻ በማንኛውም ጊዜ የሞተ በግ አግኝቶ ሊበላ ይችላል። ሆኖም ምንም ካለማድረግ ይልቅ አደጋው በሚበዛበት ወቅት ላይ ማነጣጠር ከአቅም ጋር የሚሄድ አማራጭ ነው።

የመድኃኒቱ ዓይነትም መታወቅ አለበት። ለውሻ ኮሶ ፍቱኑ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑም በውሻው ክብደት በአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለበግ የሚገዛው አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ በመሰጠቱ በውሻ ውስጥ ያለውን ይህን ትል አያጠፋም፤ አይቨርሜክቲንም ኮሶን አይነካም። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሻው ከወሰደ በኋላ ለሁለት ቀን ታስሮ መቆየት አለበት፤ ዓይነ ምድሩም መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር ይኖርበታል።

ውሻው ታዲያ ምን ይብላ?

አርሶ አደሩ ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ቤት የሚጠብቅ ውሻ የሚያገኘው ምግብ ጥቂት ነው፤ የበዓል ትርፍራፊውን መከልከል ብቻውን መልስ አይሆንም። ውሻው ከተራበ ሜዳ ወጥቶ የሞተ እንስሳ ይፈልጋል፤ ያኔ ችግሩ ይብሳል። መፍትሔው ጉበትን፣ ሳንባንና ጭንቅላትን ቢያንስ ለ40 ደቂቃ በደንብ ቀቅሎ መስጠት ነው። የተቀቀለው እጭ ይሞታል፤ ውሻውም ይጠግባል። ማገዶ የማይበቃ ከሆነ ቋጠሮ የታየበትን ክፍል ለይቶ ማቃጠል፣ ወይም ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት፣ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቀብሮ ከላይ ድንጋይና እሾህ መጫን ነው። የሞተ በግም እንዲሁ መቀበር እንጂ ገደል ሥር መጣል የለበትም።

የዚህ እርምጃ ጠቀሜታ ተሽከርካሪም፣ ቀዝቃዛ ሰንሰለትም፣ የውጭ ምንዛሪም የማይጠይቅ መሆኑ ነው። የጸጥታው ችግር የባለሙያን እንቅስቃሴና የመድኃኒት አቅርቦትን ባስተጓጎለባቸው ቀበሌዎች እንኳ የቅርጫ ማኅበርተኞች አንድ ጉድጓድ ለመቆፈር ማንንም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

መዥገር፣ ቁንጫና ሙጃሌ

ወደ ውጫዊ ተባዮች ስንመጣ በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በውሻ ላይ የሚታይ መዥገር ሁሉ የከብት መዥገር አይደለም። በከብት ላይ የሚበዛው ትንሹ ሰማያዊ መዥገር ዕድገቱን የሚጨርሰው በአንድ ከብት ላይ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ግን በዕድገቱ ሦስት ጊዜ ወደ ውሻ ይወጣል፤ ደም ከጠጣ በኋላ በየጊዜው እየወረደ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በድንጋይ ካብና ውሻው በሚተኛበት ገለባ ውስጥ ይደበቃል። ደም የጠገበችው እናት መዥገር በዚያው በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ጀርባው በቀለም ያሸበረቀውና የላምን ጡት የሚያቆስለው ትልቁ መዥገር ደግሞ ሲያድግ ከብትን ቢመርጥም፣ በልጅነቱ በበግና በፍየል፣ አልፎ አልፎም በውሻ ላይ ይመገባል። ስለዚህ ከብቱን ብቻ ረጭቶ ከከብቱ ጋር የሚውለውን ውሻ መተው ሥራውን ከፍሎ መሥራት ነው።

መዥገር ውሻን ደም በመምጠጥ ብቻ አይጎዳውም፤ የደም በሽታም ያስተላልፍበታል። ትኩሳት፣ የድድ መንጣት፣ ምግብ መጥላትና አቅም ማጣት ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። ሰውንም ነክሶ የመዥገር ትኩሳት ሊያሲዝ ይችላል።

ሕክምናው ከሰውነቱ ባሻገር መኝታውንም ሊነካ ይገባል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሐል፣ ብብቱንና የአንገት ማሰሪያው ሥር ያለውን ቆዳ ማየት ጠቃሚ ነው። የተገኘውን መዥገር ከቆዳው ሥር አጥብቆ ይዞ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ነው። በጣት መጨፍለቅ ወይም ላምባ ማፍሰስ አይመከርም። የተነቀለው እሳት ውስጥ ይጣል። ውሻው የሚተኛበት ገለባ ተጠራርጎ ይቃጠል፤ የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ።

ቁንጫም እንዲሁ ነው። በውሻውና በድመቷ ላይ የምናየው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው በእንቁላል፣ በእጭና በሙሽሬ ደረጃ በአፈር ወለሉና በመደቡ ላይ ነው ያለው። ሙሽሬው ለወራት ሳይፈለፈል ሊቆይ ስለሚችል ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ሰው በቁንጫ ይወረራል። ቁንጫ ራሱ ሌላ ዓይነት የውሻና የድመት ኮሶ ያስተላልፋል፤ ልጆች ሳያውቁት ቁንጫ ሲውጡ ይያዛሉ። ዋናው መከላከያ ወለሉን በየጊዜው መጥረግና መለቅለቅ፣ ምንጣፍና ቁርበትን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ሙጃሌም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ልጆችን ጣት የሚያቆስለው ሙጃሌ በውሻ መዳፍም ውስጥ ይራባል። የልጁን እግር ብቻ አክሞ የውሻውን መዳፍ አለማየት ሙጃሌው ተመልሶ እንዲመጣ መፍቀድ ነው።

ያለ ቦታው የሚውል መድኃኒት

ለውሻና ለድመት የተዘጋጀ መድኃኒት በአቅራቢያ በማይገኝበት ጊዜ ሰው በእጁ ያለውን ይጠቀማል። ለከብት የተበጠበጠ ዳያዚኖን፣ ለሰብል የተገዛ ማላታይን፣ ላምባ ወይም የተቃጠለ ዘይት በውሻ ላይ ይፈሳል። ውሻና ድመት ሰውነታቸውን ይልሳሉ፤ ስለዚህ በቆዳቸው ላይ የፈሰሰው መርዝ ወደ ሆዳቸው ይገባል። ምራቅ መዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክና መውደቅ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። የሰብል ፀረ ተባይ ደግሞ ውሻውን የሚነኩትን ልጆችም ይጎዳል።

ድመት የተለየ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ለውሻ የማያሰጋ ፐርሜትሪን የተባለው ፀረ ተባይ ድመትን ይገድላል፤ አሚትራዝም አይስማማትም። «ለውሻው የሆነ ለድመቷም ይሆናል» የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ድመት ከሞተች ደግሞ አይጥ ጎተራው ውስጥ ይገባል፤ አርሶ አደሩም ለአይጡ ሌላ መርዝ ይገዛል።

የአይቨርሜክቲን መርፌም ጥንቃቄ ይሻል። ለከብት በተለመደው መጠን 1 ሚሊ ሊትር የሚበቃው ለ50 ኪሎ ክብደት ነው። በዚያው ስሌት 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚደርሰው 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በዓይን ግምት የሚወጋ ሰው ይህን መጠን በብዙ እጥፍ ማለፉ አይቀርም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የወጣው የእንስሳት መድኃኒት በሥርዓት እንዲያዝ ነው፤ በገበያ ቀን በመሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ መድኃኒት ሊገታ ይገባል።

ከሌሎች የምንማረው

የውሃ ቋጠሮ በሽታ በአንድ ወቅት አይስላንድን ክፉኛ ያጠቃ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ የትሉን ዑደት የሚያስረዳ ቀላል መጽሐፍ አዘጋጅቶ በሕዝቡ ዘንድ እንዲሰራጭ ተደረገ። ሰዉ የታመመን ሥጋ ለውሻ መስጠት እየተወ ሲሄድ በሽታው በአሥርት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ያ ሁሉ የሆነው ፕራዚኳንቴል ከመገኘቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ሕግ አውጥታ፣ ኋላም ውሾችን በየስድስት ሳምንቱ በመድኃኒት እየተከታተለች በ2002 ከበሽታው ነፃ መሆኗን አሳውቃለች። ሁለቱም በግ አርቢ አገሮች ናቸው። አንዱ በዕውቀት፣ ሌላው በሕግና በመድኃኒት ጀመሩ፤ ሁለቱም ውሻው የሚበላውን ተቆጣጠሩ።

ውሻን በመርዝ መፍጀት ግን መፍትሔ አልሆነም። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስወገድ የቆየ ልማድ ነው። የተገደለው ቦታ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሌላ ውሻ ይተካል፤ አዲስ መጪው ደግሞ ክትባትም መድኃኒትም ያላገኘ ነው።

ወረዳው ከዚህ ይጀምር

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የከብት ክትባት ምዝገባ ሲያካሂዱ «ስንት ውሻ አለዎት?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ተጨማሪ ወጪ የለውም። መድኃኒት የሚገዛው በዚህ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ሥራዎችን ማቀናጀት ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ሲሰጥ ውሻው ታስሮ ቀርቧል፤ በዚያው ቀን የትል መድኃኒትም ቢሰጠውና መዥገሩ ቢታይ ሁለት ጊዜ መድከም አይኖርም። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 18 ግድም ይውላል፤ ለጥቅምት 10 ዙር መቀስቀሻ አመቺ ነው።

ሦስተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድነት እንዲያስተምሩ ማድረግ ነው። እጅ መታጠብ የአንዷ፣ ጉበት መቅበር የሌላው ትምህርት ተብሎ ከተከፈለ ቤተሰቡ ግማሹን ብቻ ይሰማል። የከተማ አስተዳደሮችም የቄራዎቻቸውን አጥር ውሻ እንዳያልፈው አድርገው ሊጠግኑ ይገባል።

አርሶ አደሩ ደግሞ ከቀጣዩ በዓል ሊጀምር ይችላል። ቢላዋው ከመሳሉ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር፤ ቋጠሮ የታየበት ሁሉ እዚያ ይግባ፤ ውሻው የተቀቀለውን ይብላ። በወሩ ወደ እንስሳት ጤና ኬላው ጎራ ብሎ የውሻውን የትል መድኃኒት መጠየቅ ነው። ጠያቂው ሲበዛ ጽሕፈት ቤቱም መድኃኒቱን በዕቅዱ ለማካተት ይገደዳል።